ጥላም እንደ ውሃ ይዳረስ

ግንቦት ላይ፣ ድሬዳዋ ውስጥ፣ እኩለ ቀን ሲሆን ሰው መንገዱን የሚመርጠው በጥላው ነው። ከባቡር ጣቢያው ወጥቶ ወደ ከዚራ ሰፈር የሚያቀና እግረኛ ረድፍ የያዙትን ዛፎች ተከትሎ ይራመዳል። ቅርንጫፎቻቸው ከግራና ከቀኝ ተጠላልፈው አስፋልቱን ከልለውታል። የባጃጅ ሾፌሮች ተራ የሚጠብቁት ግንድ ስር ነው። ቡና የምታፈላዋ ሴት ረከቦቷን ያኖረችው እዚያው ነው፤ ጨዋታ የያዙት አዛውንቶችም ጥላው በዞረ ቁጥር ወንበራቸውን ያዞራሉ። የደቻቱን ደረቅ ወንዝ አሸዋ ተሻግሮ ወደ መጋላ ሰፈር ሲገባ ግን ዛፉ እየሳሳ ይሄዳል። የጉልት ነጋዴዎች ሸራና ጃንጥላ ወጥረው ቲማቲማቸውን ከፀሐይ ያድናሉ፤ የራሳቸው ግማሽ ጎን ግን ፀሐይ ላይ ነው። ቆርቆሮው ይግላል፣ ግድግዳው ይግላል፤ ሲመሽም ሙቀቱ ከቤት አልወጣም ይላል።

ከተማዋ አንድ ናት፤ ፀሐይዋም አንዲት። በሁለቱ ሰፈሮች የሚኖር ሰው ልቡና ኩላሊቱ የሚሸከሙት ጫና ግን እኩል አይደለም።

የከዚራ ዛፎች በዘፈቀደ የበቀሉ አይደሉም። የጅቡቲው ባቡር በ1895 ዓ.ም ድሬዳዋ ሲደርስ የምድር ባቡሩ ፈረንሳውያን መሐንዲሶች ቀጥ ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች ቀይሰው ሰፈር መሠረቱ፤ ዛፍም የጎዳናው አካል ሆነ። መጋላ ደግሞ በነጋዴውና በነዋሪው እጅ፣ ቤት ከቤት እየተደገፈ ያደገ ሰፈር ነው። የዚያን ዘመን ቅየሳ ከመቶ ዓመት በኋላም ማን በጥላ፣ ማን በፀሐይ እንደሚሄድ እየወሰነ ይገኛል።

ከተሞቻችን ዛሬ ስለ ዛፍ ብዙ ያወራሉ። ወሬው በአብዛኛው ስለ ውበት ነው፤ ስለ እንግዳ መቀበያ፣ ስለ ፎቶግራፍ፣ ስለ ከተማ ገጽታ። ባለፉት አርባ ዓመታት የተከማቸው የሕክምና ጥናት የሚለው ግን ከዚህ የጠለቀ ነው። የከተማ ዛፍ ከውሃ ቧንቧና ከጤና ጣቢያ ጎን ሊቆጠር የሚገባው አገልግሎት ነው። አገልግሎት ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ መድረስ ያለበት በጣም ለሚያስፈልገው ሰው ነው።

ሙቀት ሰውነት ላይ የሚሠራው

ሰውነታችን ውስጡን 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ለማቆየት ሌት ተቀን ይሠራል። ውጪው ሲግል ደም ወደ ቆዳ ይላካል፤ ለዚህም ልብ ቶሎ ቶሎ መምታት አለባት። ከዚያ ላብ ይመጣል። ላብ ሲተን ቆዳን ያቀዘቅዛል፤ ከሰውነት ግን ውሃና ጨው ይዞ ይወጣል። ውሃው ካልተተካ ደም ይወፍራል፣ ኩላሊት ይጨነቃል። ለጤነኛ ወጣት ይህ ራስ ምታትና ድካም ሆኖ ሊያልፍ ይችላል። ለልብ ሕመምተኛ፣ ስኳር ላለበት ሰው፣ ላቡ ለደከመ አዛውንትና ለሕፃን ግን አደጋ ነው። ነፍሰ ጡሮችም ከባድ ሙቀት ሲበዛባቸው ያለጊዜው የመውለድና ክብደቱ ያነሰ ልጅ የመውለድ ስጋታቸው እንደሚጨምር በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል።

ከተማ ይህን ጫና ያባብሰዋል። አስፋልት፣ ሲሚንቶና ቆርቆሮ የቀኑን ሙቀት ጠጥተው ማታ መልሰው ይተፉታል። በገጠሩ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ከተማው እንደሞቀ ያድራል። ጉዳቱ የሚከፋውም ሌሊት ነው፤ ቀን የደከመ ልብ የሚያርፍበት ሰዓት ይጠፋልና።

ዛፍ በሁለት መንገድ ይረዳል። አንደኛው ጥላው ነው። በጥላ ስር ያለ ወለልና ግድግዳ ፀሐይ ከሚመታው ከ11 እስከ 25 ዲግሪ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ሁለተኛው ትነቱ ነው። ሥሩ ከአፈር የሳበውን ውሃ ቅጠሉ ወደ አየር ይተነፍሳል፤ ውሃው ሲተን ከአካባቢው ሙቀት ይወስዳል። ሁለቱ ተደምረው የአካባቢውን አየር በበጋ ከ1 እስከ 5 ዲግሪ ድረስ ማውረድ ይችላሉ። አንድ ዲግሪ ትንሽ ትመስላለች። ድንገተኛ ክፍል የሚሠሩ ሐኪሞች ግን በሙቀት ወቅት የአንድ ዲግሪ ልዩነት ስንት አልጋ እንደሚሞላ ያውቃሉ።

ይህን በቁጥር ካሳዩት ጥናቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2023 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው ነው። ባርሴሎና የሚገኝ የጤና ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች 93 የአውሮፓ ከተሞችን አጠኑ። እ.ኤ.አ. በ2015 በጋ ብቻ ከተማ ከገጠር ይልቅ በመሞቁ ምክንያት 6,700 ያህል ሰዎች ያለዕድሜያቸው እንደሞቱ አሰሉ። የእነዚያ ከተሞች የዛፍ ሽፋን በአማካይ 15 በመቶ ገደማ ነበር። ወደ 30 በመቶ ቢያድግ ኖሮ ከሟቾቹ ከሦስት አንዱ በላይ ሊተርፉ ይችሉ ነበር።

በኮሎምቢያ የሜደሊን ከተማ ደግሞ ይህ ስሌት ከመውጣቱ በፊት ሐሳቡን ወደ ሥራ ለውጣው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በ18 መንገዶችና በ12 የውሃ መስመሮች ዳር 30 አረንጓዴ ኮሪደሮች ዘረጋች። ሥራውን የሠሩት በየችግር ሰፈሩ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው፤ በከተማዋ የዕፅዋት ማዕከል ሠልጥነው የከተማ አትክልተኛ ሆኑ። ኮሪደሮቹ ባለፉባቸው አካባቢዎች ሙቀቱ በ2 ዲግሪ ያህል እንደቀነሰ ከተማዋ ገልጻለች። ሜደሊን የመረጠችው መኪና የሚርመሰመስባቸውን፣ እግረኛ የሚበዛባቸውንና ዛፍ የራቃቸውን ቦታዎች ነበር።

ጭሱና ቅጠሉ

አዲስ አበባ ከባህር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለተቀመጠች ሙቀቱ እንደ ድሬዳዋ አያንገላታትም። የእሷ ጭንቅ አየሩ ነው። ጠዋት ለታክሲ የተሰለፈ ሰው ከአሮጌ ሚኒባስና ከጭነት መኪና የሚወጣውን ጭስ ቆሞ ይስባል። በየጓሮው ቆሻሻ ይቃጠላል፣ በየማድ ቤቱ እንጨትና ከሰል ይነድዳል። ከእነዚህ ሁሉ የሚወጣው ረቂቅ ብናኝ ከፀጉር ውፍረት በሠላሳ እጥፍ ገደማ የቀጠነ ነው፤ በዓይን አይታይም፣ በአፍንጫም አይጣራም። ሳንባ ውስጥ ዘልቆ ወደ ደም ይገባል፤ አስምን ከማባባስ አልፎ የልብ ድካምና የስትሮክ ምክንያት ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 የዚህ ብናኝ ዓመታዊ አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ መክሯል። አዲስ አበባ ይህን ወሰን በብዙ እጥፍ ታልፋለች። በድርጅቱ ግምት የቤት ውስጥና የውጪ አየር ብክለት ተደምሮ በዓለም በየዓመቱ ወደ 7 ሚሊዮን ሰው ይገድላል።

በአሜሪካ የኬንታኪ ግዛት፣ በሉዊቪል ከተማ፣ ዛፍ ይህን ጉዳት ይቀንስ እንደሆነ ለማወቅ ተመራማሪዎች እንደ መድኃኒት ሊፈትኑት ተነሡ። አውራ መንገድ በሚያቋርጣቸውና ገቢያቸው ዝቅተኛ በሆነ ሰፈሮች ከ8,000 በላይ ዛፎችና ቁጥቋጦዎች ተከሉ። ከተከሏቸውም መካከል ቅጠላቸውን ዓመቱን ሙሉ የማያራግፉ፣ ከፍ ከፍ ያሉ ዛፎች ይገኛሉ፤ በመንገዱና በቤቶቹ መካከል የቆሙም አሉ። ከተከላው በፊትና በኋላ ከነዋሪዎች ደም ወሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ በሆነው ውጤት መሠረት፣ ዛፍ በተተከለባቸው ሰፈሮች የሚኖሩ ሰዎች የሰውነት መቆጣትን የሚያሳየው ፕሮቲን በደማቸው ውስጥ ካልተተከለባቸው ሰፈሮች ነዋሪዎች ከ13 እስከ 20 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ይህ ፕሮቲን ከፍ ሲል የልብ ሕመም ስጋት ከፍ ይላል።

የሉዊቪል ትምህርት የአተካከሉ ጥበብ ላይ ነው። ዛፍ አየር ያጠራል ብሎ የትም መትከል ይቻላል ማለት አይደለም። ግራና ቀኙ በፎቅ በታጠረ ጠባብ ጎዳና ላይ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ከላይ ከገጠመ ጭሱ መውጫ ያጣና ከስር ይታመቃል። እንዲህ ባለው ቦታ የሚበጀው በመኪናውና በእግረኛው መካከል የሚቆም ዝቅ ያለ፣ የተጠጋጋ አጥር ነው። ሰፊ መንገድ ላይ ደግሞ ትልቅ ዛፍ ከአጥሩ ጋር ተደርቦ ይረዳል። ከዚህም ጋር ዋናው ፈውስ ጭሱን ከምንጩ መቀነስ መሆኑ ሊረሳ አይገባም፤ ቅጠል የመኪናን በደል ሁሉ አይሽርም።

አዲስ አበባ ራሷ የዛፍ ውለታ አለባት። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ከዙሪያዋ በማለቁ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው ባህር ዛፍ በፍጥነት አድጎ እንጨት በመስጠቱ ከተማዋ ባለችበት ጸናች። ለጉንፋን ቅጠሉን የማንታጠን ጥቂት ነን። ነገር ግን ባህር ዛፍ ውሃ በብዛት ይስባል፣ ከሥሩም ሌላ ነገር እንደ ልብ አያበቅልም። ያኔ የተጠየቀው ማገዶ ነበርና መልሱ ትክክል ነበር። ዛሬ የሚጠየቀው ጥላ፣ ንጹሕ አየርና ጎርፍ የሚይዝ አፈር ነው። ስለዚህ ወይራ፣ ጽድ፣ ዝግባና ኮሶ ወደ ከተማው መመለስ አለባቸው፤ እንደየቦታው፣ እንደየደጋውና እንደየቆላው።

ገንዘብ የማይከፈልበት መረጋጋት

እ.ኤ.አ. በ1984 ሮጀር ኡልሪች የተባለ ተመራማሪ በፔንሲልቬንያ አንድ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሰዎችን መዝገብ አገላበጠ። ግማሾቹ የተኙበት ክፍል መስኮት ወደ ዛፎች ያያል፤ የግማሾቹ ወደ ጡብ ግድግዳ። ዛፍ ያዩት ቀድመው ከሆስፒታል ወጥተዋል፤ ጠንካራ ማስታገሻም የወሰዱት ባነሰ መጠን ነው። ጥናቱ ትንሽ ነበር፤ የተጠኑት 46 ሰዎች ብቻ ናቸው። ሆኖም በዓለም ዙሪያ የሆስፒታል ግቢ እንዴት ይሠራ የሚለውን ክርክር ቀይሮታል።

ከዚህ የበለጠው ማስረጃ የመጣው በዚያው ግዛት፣ ፊላደልፊያ ውስጥ ነው። ከተማዋ ፋብሪካዎቿ ሲዘጉና ሰው ሲለቅቃት በሺህ የሚቆጠሩ ባዶ ቦታዎች ቀርተውላት ነበር። ቆሻሻ፣ የተሰበረ ጠርሙስ፣ የተጣለ ጎማ የሞላባቸው። የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 541 ባዶ ቦታዎችን በዕጣ በሦስት ከፈሏቸው። የመጀመሪያዎቹ ጸድተው ሣርና ጥቂት ዛፎች ተተከሉባቸው፣ ዝቅ ያለ የእንጨት አጥርም ተደረገላቸው። ሁለተኛዎቹ ቆሻሻቸው ብቻ ተነሣ። ሦስተኛዎቹ እንዳሉ ተተዉ። በአካባቢው የሚኖሩ ሰዎች ከሥራው በፊትና በኋላ ስለ ስሜታቸው ተጠየቁ።

እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ውጤት፣ አረንጓዴ በለበሱት ቦታዎች አጠገብ የሚኖሩ ሰዎች መካከል ድብርት እንደሚሰማቸው የተናገሩት ምንም ካልተሠራባቸው ቦታዎች ጎረቤቶች ጋር ሲነጻጸር በ41.5 በመቶ ቀነሱ። በድሃ ሰፈሮች ቅናሹ ወደ 69 በመቶ ይጠጋል። ቆሻሻ ማንሣቱ ብቻውን ግን ይህን ለውጥ አላመጣም። በሌላ የዚሁ ቡድን ጥናት በድሃ ሰፈሮች የጠመንጃ ጥቃት በ29 በመቶ ቀንሷል። አንዱን ቦታ ለማስተካከል የፈጀው ወጪ 1,600 ዶላር ያህል ነበር። ፓርክ አልተገነባም፣ ፏፏቴ አልተሠራም፣ በር ላይ ቲኬት አልተቆረጠም። ሰው ከቤቱ ሲወጣ በየቀኑ የሚያየው ጥግ ተለወጠ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ወደ ራሳችን ከተሞች ማየት ይገባናል። በአዲስ አበባ በቅርብ ዓመታት ትልልቅ ፓርኮች ተከፍተዋል፤ እንጦጦ፣ ወዳጅነት፣ አንድነት። ለቤተሰብ በዓል የሚሆኑ፣ የሚያኮሩ ሥራዎች ናቸው። ታክሲ ተሳፍሮ፣ መግቢያ ከፍሎ በዓመት አንዴ የሚታይ ፓርክ ግን በየቀኑ ከበር ሲወጡ የሚታይ ዛፍን አይተካም። የደም ግፊት ያለባት እናት በእግሯ ወጥታ የምትቀመጥበት፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የሚሮጡበት ጥላ ነው ጤና ላይ የሚሠራው። ሴሲል ኮናይነንዳይክ የተባሉ የከተማ ደን ባለሙያ ይህን በቀላል መለኪያ አስቀምጠውታል፤ ከእያንዳንዱ ቤት 3 ዛፎች ይታዩ፣ እያንዳንዱ ሰፈር 30 በመቶ የዛፍ ሽፋን ይኑረው፣ ከማንኛውም ቤት እስከ 300 ሜትር ውስጥ መናፈሻ ይገኝ።

ዛፉ ሲጠፋ ምን ይሆናል?

ዛፍ ያላቸው ሰፈሮች ድሮም ሀብታም ናቸው፤ ነዋሪው ጤነኛ የሆነው በገንዘቡ እንጂ በዛፉ አይደለም የሚል ጥያቄ ይነሣል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ከአንድ ጥንዚዛ መጣ።

እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ዲትሮይት አካባቢ ከእስያ የመጣ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ጥንዚዛ ተገኘ። አሽ የሚባለውን የዛፍ ዝርያ ለይቶ ይገድላል፤ ሀብታም ሰፈርና ድሃ ሰፈር አይለይም። በጥቂት ዓመታት 100 ሚሊዮን ያህል ዛፎች ረገፉ። በጄፍሪ ዶኖቫን የሚመራ ቡድን በ15 ግዛቶች እስከ እ.ኤ.አ. 2007 ድረስ የተመዘገበውን ሞት መረመረ። ጥንዚዛው በደረሰባቸው ወረዳዎች በልብና በደም ሥር ሕመም 15,080፣ በመተንፈሻ አካል ሕመም 6,113 ተጨማሪ ሞት ታየ። የነዋሪው ገቢና ትምህርት በስሌቱ ውስጥ ገብቶም ልዩነቱ አልጠፋም። ለመንገድ ማስፋፊያ ሲባል አንድ ረድፍ አሮጌ ዛፍ በአንድ ሌሊት ሲቆረጥ ይህ ቁጥር ትዝ ሊለን ይገባል። በምትኩ የሚተከለው ችግኝ የዛሬውን ጥላ ለመስጠት ሃያና ሠላሳ ዓመት ይፈልጋል።

ጎርፍና ትንኝ

ድሬዳዋ የምታስተምረው ስለ ጥላ ብቻ አይደለም። ደቻቱ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገረዋል፣ ገበያም ይቆምበታል። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም ሌሊት ግን በላይኛው ደጋ የወረደው ዝናብ ተጠራቅሞ በተኛው ሕዝብ ላይ መጣ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ቤታቸውን አጡ። ከዚያ በኋላ የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ግንቡ ውሃውን መስመር ያስይዛል፤ ውሃው እንዲዘገይ የሚያደርገው ግን ከላይ ያለው ተራራ ነው። ሣርና ዛፍ የለበሰ ቁልቁለት ዝናቡን ወደ አፈር ያሰርጋል፤ የተራቆተው በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ታች ይለቅቀዋል። ስለዚህ የድሬዳዋ አረንጓዴነት ከከተማዋ ወሰን አልፎ እስከ ሐረርጌ ደጋ ይደርሳል።

ውሃ ባለበት ደግሞ ትንኝ አለ። በ2014 ዓ.ም ድሬዳዋ ላይ በበጋ፣ ወባ በማይጠበቅበት ጊዜ፣ ወረርሽኝ ተነሣ። ምርመራው ያመለከተው ከእስያ የመጣችውን አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች ትንኝ ነው። ይቺ ትንኝ ከረግረግ ይልቅ በበርሜል፣ በሮቶና በሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ትወዳለች፤ ከተማ ተስማምቷታል። አትክልት ለማጠጣት ክዳን የሌለው በርሜል በየጥጉ ካስቀመጥን፣ የማይፈስ ጌጠኛ ኩሬ ካበዛን፣ በአንድ እጅ የሰጠነውን ጤና በሌላው እጅ እንነጥቃለን። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በርሜሉ ይከደን፣ ኩሬው ይፍሰስ ወይም አይሠራ፣ የአትክልት ባለሙያውና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አንድ ላይ ይቀመጡ።

የተተከለውና የጸደቀው

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም በመላ አገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። ያን ቀን ጭቃ ያልነካው እጅ ጥቂት ነበር፤ ሕዝቡ ለዛፍ ያለው ፍላጎት የሚያጠያይቅ አይደለም። ለጤና የሚቆጠረው ግን በክረምት የገባው ችግኝ ሳይሆን ሦስት በጋ አልፎ ጥላ የጣለው ዛፍ ነው። የከተማ ችግኝ ጠላቱ ብዙ ነው፤ ፍየል፣ የተደፋ ጨውና ሳሙና፣ የታመቀ አፈር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጥር ላይ ውሃ የሚያጠጣው ሰው ማጣት።

የሴራሊዮኗ ፍሪታውን ለዚህ ችግር መልስ ሞክራለች። እ.ኤ.አ. በ2017 የመሬት መንሸራተት ከ1,000 በላይ ነዋሪዎቿን ከበላባት በኋላ፣ በከንቲባ ኢቮን አኪ-ሳየር ዘመን አንድ ሚሊዮን ዛፍ ለመትከል ተነሣች። የሰፈሩ ነዋሪዎች እያንዳንዱን ችግኝ በስልካቸው ይመዘግባሉ፤ ተመልሰው እየሄዱ ፎቶ ያነሣሉ፣ ይንከባከባሉ። የሚከፈላቸው ዛፉ በሕይወት ሲኖር ነው። ክፍያው ከመትከል ወደ ማሳደግ ሲዞር የሰው ትኩረትም አብሮ ዞረ።

ይህን እኛ አገር ለማድረግ የሚከለክል ነገር የለም። በየወረዳው ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶችና ሴቶች አሉ፤ ውሃ ማጠጣትና መጠበቅ የደመወዝ ሥራ ይሁንላቸው። እድር ለቀብር ድንኳን እንደሚይዝ ሁሉ የሰፈሩን ዛፍም በስም ሊይዝ ይችላል። ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ቅድሚያ ያግኙ፤ ወረፋ የሚጠብቅ ሕመምተኛ በፀሐይ ሊቆም አይገባም። የጉልት ገበያ ሲስተካከል ከኮብልስቶኑ ጋር የዛፍ ጉድጓድ ይቆፈር፤ ሲሚንቶው ከግንዱ ስር እስከ ጫፍ አይድፈነው፣ ሥሩም ይተንፍስ። ሰፈሩ ሲያምርም ኪራይ ሽቅብ ወጥቶ ጥላውን ሲጠብቁ የኖሩትን ሰዎች እንዳያስለቅቅ ከወዲሁ ይታሰብ፤ ነዋሪውን ያባረረ አረንጓዴነት ያዳነው የለም።

ከሁሉ በፊት ግን እንቁጠር። እያንዳንዱ ከተማ የዛፍ ሽፋኑን በየወረዳው ለክቶ ለሕዝብ ይግለጽ፤ የክትባት ሽፋንና የንጹሕ ውሃ ሽፋን እንደሚገለጸው። የትኛው ሰፈር 3 በመቶ፣ የትኛው 30 በመቶ እንዳለው ሲታወቅ የሚቀጥለው ችግኝ የት መሄድ እንዳለበት ክርክር አያስፈልገውም። በባለሥልጣን በርና በአደባባይ ዙሪያ ዛፍ መደርደር ይቅርና፣ ቆርቆሮው ወደሚግልበት፣ ሕፃኑና አዛውንቱ ወደሚበዙበት፣ ጭሱ ወደሚወፍርበት ይሂድ። እንደ ፊላደልፊያው ያሉ ጥናቶች የሚጠቁሙትም ይህንኑ ነው፤ ዛፍ በጣም የሚጠቅመው ምንም በሌለበት ነው። ስለዚህ የከተማ ምክር ቤቶች የሚቀጥለውን በጀት ሲያጸድቁ ለጥላ የሚመደበውን ገንዘብ ከጌጥ ወጪ አውጥተው ከጤና ወጪ ጋር ያስፍሩት፤ እኛም ነዋሪዎች ለውሃና ለመብራት እንደምንጠይቀው ሁሉ ለዛፋችንም ደፍረን እንጠይቅ።